ለሩፋኤል የገባችው ቀይ መኪና

ጎንደር፣ ጥቅምት ፬ ቀን

ለእናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ክረምቱ ሲወጣ እንደ ልማዱ ለቀቀሽ ወይስ ዘንድሮም የሩፋኤልን ዳገት በዱላ ነው የምትወጪው? ገብሱን በረዶ መታው ብሎ አንድ ከዳባት የመጣ ሰው ነግሮኝ ነበር፤ በኋላ ሲጣራ የመታው የማዶውን ሰፈር ነው አሉኝ። ተመስገን ልል ብዬ ለማዶው ሰፈር አፈርኩ። ወንድሜ ጌታውስ እንዴት ነው? ይበላል? ይተኛል? ይህን ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅሽ በኋላ ስቆጣ እንዳልረሳው ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ምነው ደብዳቤ ትይኝ ይሆናል። በስልክ አልቻልኩሽም እማዬ። ከጳጉሜን ወዲህ ልቆጣሽ ብዬ ስንት ጊዜ ደወልኩ። ገና አፌን ስከፍት «በላህ ወይ ልጄ?» ትይኛለሽ። ሰው ምን እንደበላ እየተናገረ እንዴት ይቆጣል? ሽሮ በላሁ ብዬሽ፣ በርበሬው በቃህ ወይ ብለሽኝ፣ በቃኝ ብዬሽ፣ ኔትወርኩ ይቋረጣል፤ ንዴቴም ይዞኝ ያድራል። ወረቀት ግን በላህ ወይ አይልም።

አንድ ነገር አደራ። ይህን ደብዳቤ ለጌታው እንዳታስነብቢው። ወንድሜ ማንበብ ቢችልም ይህን ማንበብ የለበትም። አባ ኪዳነወልድ ያንብቡልሽ። የነፍስ አባትሽ ናቸው፣ ምስጢር ይይዛሉ፤ ደግሞም የሩፋኤል አስተዳዳሪ ናቸውና በዚህ ነገር እጃቸው አለበት። አባ፣ ይፍቱኝ፣ መስቀልዎን በሩቁ ተሳልሜያለሁ። ብቻ እየዘለሉ እንዳያነቡብኝ። ድምፅዎንም ዝቅ አያድርጉ፤ የተቆጣ ሰው ደብዳቤ እንደ ጸሎት በለሆሳስ አይነበብም።

እማዬ፣ ያቺ መኪና የኔ ነበረች።

የኔ ስልሽ ገዛኋት ማለቴ ብቻ አይደለም። መንገዱ ገና ኮረኮንች ሳለ፣ የጎንደሩ ሐኪም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደባርቅ ሲያልፍ የሚነዳትን ቀይ ጎልፍ መኪና ታስታውሻለሽ። ትንሽ ናት፣ ከኋላ እንደ ሳጥን ክዳን ወደ ላይ የምትከፈት፣ ፊቷ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ያላት። ለሌላው ሰው ተራ የቤት መኪና ትመስላለች፤ ነገር ግን ለፍጥነት ተብላ የተሠራች ናት፤ ሞተሯ ቁጡ ነው። እኔና ጌታው ከመንገዱ ዳር ቆመን ገና ከዳገቱ ማዶ ስትመጣ በድምፅዋ እናውቃት ነበር። ጌታው ያንን ድምፅ በአፉ ያወጣው ነበር፤ ከንፈሩን አንቀጥቅጦ፣ ማርሽ ሲቀየር ቆረጥ እያደረገ። አንቺ «ቤቱን በሰይጣን ድምፅ ሞላኸው» ብለሽ በማማሰያ ታባርሪው ነበር። እሱም እየሮጠ ማርሽ ይቀይር ነበር።

እንግዲህ ጌታው ሠርቶ ሊመለስ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሄደ። ጦርነቱ ተነሳ፣ ስልኩ ተዘጋ፣ ሁለት ክረምት ድምፁ ጠፋ። ይህን ለአንቺ አልተርክልሽም፤ የዘጋሽውን በር፣ ያቆምሽውን ሳቅ እኔም አይቻለሁ። ብቻ በዚያው ሰሞን ባጃጅ ይዤ ሰው ላደርስ አዘዞ ወርጄ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ከገለባ ክምር ሥር ቀይ ነገር አየሁ። ገለባውን ገፋ ሳደርገው ያ ቀይ መስመር ብቅ አለ። ሐኪሙ አገር ሲለቅ አያ ሰጠኝ የሚባሉ ሽማግሌ ገዝተዋት፣ ሞተሯ እምቢ ሲላቸው ጓሮ አቁመው ዶሮ ቤት አድርገዋታል።

አያ ሰጠኝ ሲሸጡልኝ ያሉትን አልረሳም። «ሸጋ መኪና ናት የኔ ልጅ፤ ጉድለቷ አለመሄዷ ብቻ ነው» አሉኝ። በዋጋው ተስማምተን፣ ሰው አስመስክረን፣ ልጎትታት ገመድ ይዤ ብመጣ ደግሞ አልሰጥም አሉ። ምነው አያ፣ ተዋውለን የለም ወይ ብላቸው፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋለች፣ እስክትፈለፍል ጠብቅ አሉኝ። መኪና ገዝቼ ዶሮ ጠበቅሁ እማዬ። በየሦስት ቀኑ አዘዞ እየወረድኩ በመስኮት አያታለሁ፣ ዶሮዋም በክፉ ዓይን ታየኛለች። በመጨረሻ ጫጩቶቹ ከነእናታቸው ወጡ፤ እኔ ገባሁ። ሽታው ከመኪናዋ የወጣው ግን ከስንት እጥበት በኋላ ነው።

መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ነበር የምሠራት። እሑድ እሑድ አንድ ብሎን እፈታለሁ፣ አንድ ብሎን አስራለሁ። ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይስቅብኝ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ካለፈው ኅዳር በኋላ ግን አልሳቅሁም። ለምን ኅዳር እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ከኅዳር በኋላ አጥብቄ ያዝኳት ብቻ ልበልሽ። የባጃጅ ድርሻዬን ሸጥኩ፤ ዛሬ የምነዳው የሰው ባጃጅ ነው። ከመንበረ ጋር ለፋሲካ ማግስት የቆረጥነውን ሠርግ አራዘምኩ። ያን ጊዜ ለአንቺ የጨርቁ ዋጋ ጨምሮ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው።

ምን ያህል እንደለፋሁባት ልንገርሽ፤ ሰምተሽ ይቆጭሽ። ወለሏ ዝጎ እግር ሲያስቀምጡ መሬት ይታይ ነበር፤ የዘይት በርሜል ቆርጬ ላሜራውን ራሴ በየድኩት። ከአዲስ አበባ የተላከልኝ ፍሬን የተራዋ ጎልፍ ሆኖ አልገጥም አለ፤ መልሼ በአውቶቡስ ሰደድኩት፤ ሌላ ተላከ፤ እሱም የቀኝ ብቻ ሆኖ መጣ። የግራውን ስጠብቅ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ዕቃው ጠፋ፤ እንደገና አስልኬ ገጠምኩት። ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጡት ላይ በልመና ገዛሁ፤ ግማሹ ውሃ ሆኖ ተገኘና ያጠብኩትን ሁሉ እንደገና አጠብኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ሳዞር ያ ድምፅ መጣ። ራሱ ድምፁ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ የፈሰሰ ዘይት ላይ ቁጭ አልኩ። የማስበው ሌላ ነገር ነበር።

መንበረ «አሁን ሄዳለች፣ ቀለሙ ይቆይና ሠርጋችን ይቅደም» ብትለኝ፣ ነውር ያለበት ነገር ይዤ አልቀርብም አልኳት። እውነቷን ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዝገቱን በስቱኮ ለጥፎ ቀለም ይቀባበት ነበር። እኔ ግን እስከ ብረቷ ድረስ ፋቅኋት። የት ልቀርብ እንደሆነ ለመንበረ ነገርኳት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሠርግ ነዝንዛኝ አታውቅም፤ እንዲያውም ወንበሮቹን በእጅዋ የሰፋቻቸው እሷ ናት።

ደግሞ ስለ መኪናዋ በስልክ የምነግርሽ እኔው ነኝ! አፌ ይቆረጥ። ዛሬ መብራቷ በራ፣ ዛሬ በሯ ተዘጋ፣ ዛሬ ቀይ ሆነች እያልኩ። አንቺም «ዓይንህ በሷ ላይ ሆነ፣ እንዲያው እሷን ነው የምታፈቅር» ትይኝ ነበር። ለካ እያየሽ ነበር። ለካ የምትሳይውን እየመረጥሽ ነበር።

ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ሳይፈታ ጌታው መጣ። ከመተማ በመጣ አውቶቡስ ወረደ፤ ሻንጣ የለው፣ ሥጋ የለው፣ ቃል የለው። ይህንንም ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እኔ ቤት በሰነበተበት ጊዜ ያወራው ነገር ቢኖር አዎ እና አይ ብቻ ነው። መኪናዋን ሳሳየው እጁን ኮፈኗ ላይ አሳርፎ ቆየ፤ ፊቱ ግን ግድግዳ ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፣ ጠበል ወሰድኩት። ለሩፋኤል ወደ አንቺ ስንመጣ ኮሶዬን ዳገት ወጥተን፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፈን፣ የወገራ ሜዳ ሲዘረጋልን መንገዱ ባዶ ነበርና ነዳጁን ረገጥኩት። ሞተሯ ጮኸች። እኔ መንገዱን ነበር የማየው። ከጎኔ ሌላ ሞተር ሰማሁ። ዞር ብል ጌታው ነው፤ ከንፈሩን አንቀጥቅጦ፣ እኔ ማርሽ ስቀይር እሱም ቆረጥ እያደረገ። እንባው ይወርዳል፣ ድምፁን ግን አላቋረጠም። እስከ ዳባት ድረስ ሁለት ሞተር ይዘን ነው የገባነው። ይህን ልነግርሽ ነበር የመጣሁት እማዬ። ጊዜ አልሰጠሽኝም።

ከአስፋልቱ ወርደን እስከ ቤት ያለውን ድንጋይ ታውቂዋለሽ። መኪናዋ ዝቅ ያለች ናት፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ሆዷን ሲፍቃት የኔ ሆድ ነበር የሚፋቅ። ደረስን። አንቺ ጌታው አንገት ላይ ተጠምጥመሽ መንደሩን በእልልታ አነቃነቅሽው። ከዚያ ወጣሽና መኪናዋን ሦስቴ ዞርሻት፣ ኮፈኗን ሳምሽ፣ «በእግሯ መጣች! በእግሯ መጣች!» አልሽ። እኔ ቂሉ የሥራዬን ማማር አይተሽ መስሎኝ! ደስታው ቆዳዬን አጠበበው። እንዲያውም የቀለሙን ነገር ላስረዳሽ ጀምሬ ነበር።

በማግስቱ የሩፋኤል ለት ያ ዝናብ ወረደ። ጠበል ነው ብሎ መንደሩ ሁሉ ሲጠመቅበት መኪናዋም አብራ ተጠመቀች ብዬ ደስ አለኝ። አንቺም «ቁልፏን ስጠኝ፣ አባን ላስባርካት» አልሽኝ። ሰጠሁሽ። በሁለት እጄ ነው የሰጠሁሽ።

ታቦቱ ዞሮ ከጽዱ ዛፍ ሥር ሲቆም አባ ወጡ። አባ፣ ይህን ራስዎ ያሉትን ነውና በደንብ ያንብቡት። «ወለተሩፋኤል ልጇ ከሱዳን በሰላም ቢገባላት ቀይ መኪና ተስላ ነበር፤ ስለቷ ሰምሮላት ይኸው አስገብታለች» አሉ። እግዜር ያሳይሽ፣ የክርስትና ስምሽን እየሰማሁ እንኳ ሌላ ቀይ መኪና ነበር በዓይኔ የፈለግሁት። ማነው ባለ መኪናው ብዬ ዞር ዞር አልኩ። አንቺ ቁልፌን ከፍ አድርገሽ ይዘሽ ቆመሻል። እልልታው ሰማይ ደረሰ። ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ታቦት ፊት፣ ጌታው ፊት ምን እላለሁ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ያንቺ ወጥቷል፣ የኔም ከወጣ ሁለታችንም ገደል ነን ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያማ ጨረታው። መኪናዬ ከአንድ ጃንጥላና ከአንድ ሙክት መካከል ለጨረታ ቀረበች። ጨረታ የሚጠራው ሰው ኮፈኗን በዱላው መታ መታ እያደረገ «እስከ ላሊበላ ያለ ስንቅ የምታደርስ!» ይላል። ዱላውን ላስውጠው ምንም አልቀረኝ። አንድ የደባርቅ ሰው አሸነፈና ደረቱን ነፍቶ «ለሩፋኤል መልሻለሁ» አለ። እልል። እንደገና ለጨረታ ወጣች። ሌላው ደግሞ አሸነፈና እሱም መለሰ። ሙክትና ማር ሲመላለስ አይቼ እኔም አጨብጭቤ አውቃለሁ፤ ሸጋ ልማድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ይጠቀማል። የራስ ዕቃ ሲመላለስ ግን እንዴት እንደሚያቃጥል የሚያውቀው የደረሰበት ነው። በሦስተኛው እኔ እጄን አወጣሁ። የገዛ መኪናዬን ልገዛ እጄን ሳወጣ አንቺ ምን አደረግሽ? እልል አልሽልኝ! ልጄ ለሩፋኤል ቀናኢ ሆነ ብለሽ ለጎረቤት አሳየሽኝ። ድንች ነጋዴው አያ አዳሙ ግን በላዬ ጨመሩብኝ፤ እኔ ደግሞ የምጨምረው አልነበረኝም፤ ያለኝ ሁሉ እዚያው መኪናዋ ውስጥ ነበር። እሳቸው አልመለሱም። ድንች ነጋዴ መች ይመልሳል!

ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ጠርቼ የጠየቅሁሽን ታስታውሻለሽ። ምነው እማዬ፣ የሰው ሀብት ትሳያለሽ ወይ አልኩሽ። አንቺም ፊትሽ እንደበራ «ያንተ የኔ አይደለም? ሌላ ምን ውድ ነገር አለኝ? ላሟን እንዳልሳል አሮጊት ናት፤ ሩፋኤልን ባሮጊት ላም ላታልለው?» አልሽኝ። እሺ ይህንንስ ልዋጠው። ቀጥሎ ግን ሳላስበው ካፌ ወጣና ለኔስ ምን ተስለሽ ታውቂያለሽ ብዬ ጠየቅሁሽ። ታይፎይድ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ አንድ ጧፍ ተስለሻል ወይ አልኩሽ። አንቺ ነጠላሽን እያስተካከልሽ፣ ነገር እንዳልተናገርሽ ሁሉ «ላንተማ ምን እሳላለሁ፣ አንተን መች አጣሁህና» አልሽኝ።

ያቺ ቃል እስከ ዛሬ አንጀቴን እያሳረረችው ነው። መች አጣሁህ! ጣራው ሲያፈስ ቆርቆሮ ይዤ የወጣሁ እኔ። ዓይንሽ ሲጋረድ ጎንደር አምጥቼ ያሳከምኩሽ፣ ከአልጋሽ አጠገብ ወንበር ላይ ያደርኩ እኔ። ጌታው በጠፋበት ሁለት ክረምት ስልክ ሲጮህ እሱ መስሎሽ «ጌታው!» ብለሽ ስታነሺው፣ እኔ ነኝ እማዬ ስልሽ «አይ፣ አንተ ነህ» የተባልኩ እኔ። ቅር አላለኝም ነበር፤ እናት ናት ብዬ። ግን የቀረ ልጅ ስለት አይገባውም? መጥፋት ነበረብኝ? ልጥፋና ልይሽ? አባ፣ ይህን ሲያነቡ እንደሚገሥጹኝ አውቃለሁ። ይገሥጹኝ። ግን ያንብቡት።

ወደ ጎንደር የተመለስኩት በጭነት መኪና፣ ድንች ላይ ተቀምጬ ነው። የአያ አዳሙ ድንች ነበር፤ ሳያውቁ ነው የጫኑኝ። አሁን ደግሞ ከዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ወሬዋን ያመጣልኛል። አያ አዳሙ መንዳት ስለማይችሉ የእህታቸው ልጅ ይነዳታል። ፍሪሲዮኑን እየረገጠ ይውላል አሉ፤ እግሩ ይሰበር ልል ብዬ ተውኩት። መንበረ የሰፋችውን የኋላ ወንበር ነቅለው በገበያ ቀን ወደ ደባርቅ ዶሮ ይጭኑባታል። ዶሮ! ሰምተሻል እማዬ? እኔ ዶሮ ያስወጣሁባትን መኪና አንቺና ሩፋኤል መልሳችሁ ዶሮ ሞላችሁባት። ቅዱስ ሩፋኤል ይቅር ይበለኝ፤ የሱ ጥፋት የለበትም፤ እሱ ተሰጠው፣ ተቀበለ።

ለመንበረ ስነግራት ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አንቺ አታውቂም፤ እኔ ግን አውቄ አብሬ መሳቅ አቃተኝ።

ንዴቴን ጨርሻለሁ። አሁን ከዚህ ጋር የማይገናኝ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የሚመልሱት አባ ናቸው። የኔ አይደለም። የአንድ ጓደኛዬ ነው። እሱም እንደኔ ባጃጅ ነጂ ነው።

ይህ ጓደኛዬ ወንድም ጠፍቶበት ነበር። ባለፈው ኅዳር የቁስቋም ለት፣ ጽጌ ሲፈታ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቁስቋም ሲወጣ እሱም ወጣ። እመቤታችን ራሷ ልጇን ይዛ ተሰድዳ የተመለሰች ናትና የስደተኛን ነገር ታውቃለች ብሎ፣ ወንድሜን በሄደበት መንገድ መልሺልኝ፣ ያለችኝን አንዲት ነገር ነውሯን ሁሉ አጥፍቼ ደጅሽ አቆማታለሁ ብሎ ተሳለ። ስለት ሳይደርስ አይወራም ብሎ ከእጮኛው በቀር ለማንም አልተናገረም። ዓመቱን ሙሉ ለዚያች ነገር ለፋ። ወንድሙም ተመለሰ። ነገር ግን ኅዳር ሳይደርስ፣ ጓደኛዬ ክፉ ሊናገራት የማይችል አንዲት ሰው ያችኑ ነገር፣ ለዚያው ወንድም፣ ለሌላ ታቦት ተስላ ኖሮ ቀድማው አስገባች። እሱ የእሷን ስለት አያውቅም ነበር፤ እሷም የእሱን አታውቅም።

አሁን የጓደኛዬ ዕዳ ለማን ነው? የመለሰው ሩፋ... የመለሰው ያኛው ታቦት ነው ተብሎ የቁስቋሟ ይቀርለታል? ወይስ ሁለቱም ሰምተውት ሁለቱም ይጠብቁታል? እዚህ ያሉትን ካህናት ቢጠይቅ አንዱ ዋጋዋን አስገባ አሉት፤ ሌላው ደግሞ የተሳልከውን ራሱን እንጂ ሌላ አይሆንም አሉት። እሱ የሁለተኛውን ነው ያመነው፤ አፉ የተናገረው እሷን ነውና። ኅዳር ስድስትም እየቀረበበት ነው፤ እንቅልፍ የለውም። አባ፣ እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። እናቴን ቀና ብለው አይይዋት። ዝም ብለው ያስቡበትና መልሱን በሰው ይላኩብኝ፤ ለጓደኛዬ አደርስለታለሁ።

ሌላ ጉዳይ ደግሞ ለአንቺ። አባን ይዘሽ አያ አዳሙ ዘንድ ሂጂልኝ፤ መቼም ሽማግሌ ሲመጣባቸው እምቢ አይሉም። መኪናዋን መልሰው ይሽጡልኝ። የባጃጁ ባለቤት የዓመት ደመወዜን ቀድሞ ሊሰጠኝ ተስማምቷል፤ የቀረውን እየሠራሁ እከፍላለሁ። የኋላ ወንበሩን እንዳይጥሉት፣ እሱም ይመለስ። ከኅዳር በፊት ታጥባ፣ ዶሮ ዶሮ የሚለው ሽታ ወጥቶላት እጄ መግባት አለባት። ምነው እንዲህ ቸኮለ ካሉሽ ልጄ እብድ ነው በያቸው፤ ያምኑሻል። ከእንግዲህም በኋላ የኔን ነገር ለማንም እንዳትሳይ። አይሆንልኝም ካልሽ ደግሞ ከመሳልሽ በፊት ደውይልኝ፤ ተመካክረን እንሳል።

ጌታው ያንን ድምፅ አሁንም ያወጣል ወይ? ካወጣ በማማሰያ እንዳታባርሪው። ቤቱን ቢሞላውም ተይው ይሙላው። እኔ ኅዳር ላይ እመጣና ወደ ጎንደር ይዤው እወርዳለሁ፤ አብሮኝ ቁስቋም ይውጣ፣ የሚያየው ነገር አለ።

ንዴቴ አለቀ ስልሽ ውሸቴን ነው፤ ትንሽ ቀርቷል፤ እሱን ስትመርቂኝ ትወስጅልኛለሽ። በረዶ የመታቸውን የማዶውን ሰፈር ጎረቤቶች እግዜር ይማራቸው በይልኝ። ጉልበትሽን ሩፋኤል ይዳስሰው፤ ከኔ የወሰደው ብዙ ነውና ይህችን አይነፍገኝም። ዕድሜሽ እንደ ጽዱ ይርዘም፣ ደጅሽ በእንግዳ ይሞላ፣ ሁለታችንንም በአንድ ገበታ ለማየት ያብቃሽ። ምርቃትሽ ከኋላዬ አይለይ። ስጽፍ ቆየሁ እንጂ አልበላሁም፤ አሁን እበላለሁ።

ያላጣሽኝ ልጅሽ